ውሃ ውስጥ የምታድር ታንኳ

ከዓባይ ዳር፣ ጥር ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ውድ አጎቴ አያ ገደፋው፣

የፊታችን ቅዳሜ ታንኳዋ ላይ እንዳይወጡ።

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ እንደሚጀመር አባቴ አስተምሮኛል። እርስዎ ግን ረዘም ያለ ነገር ሲያነቡ እንቅልፍ ስለሚጥልዎት ዋናውን አስቀደምኩት። አሁን ጤናዎን ልጠይቅ፤ እንደምን ሰነበቱ? ካፖርቱስ እንደምን ሰነበተ? ከቡሬ ገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚያወራልኝ ስለ እርስዎ ሳይሆን ስለ እሱ ነው። ዓባይ በረሃ ድረስ ለብሰውት ሲወርዱ በዓይኔ ባላይ ኖሮ ሐሜት ነው እል ነበር። ፍየሎቹ እንኳ በዚያ ሐሩር ለጥላ ይጋፋሉ። እርስዎ በጣልያን ሱፍ ተጀቡነው፣ ላቡ በጺምዎ እየተንጠባጠበ፣ "ዘንድሮ ቆላው በረድ ብሏል" ይላሉ።

አንቱ እያልኩ የምጽፍልዎት አፌ ስለለመደ ነው። ከልቤ አይደለም፤ ይህንን አስቀድመው ይወቁት።

ባለፈው እሑድ መሻገሪያው ዘንድ ወርጄ ነበር። ሰው አልነበረም። ታንኳችን ውሃ ውስጥ ነበረች። እንደ ሌባ በብረት ሰንሰለት ከግንድ ጋር ታስራለች። መጀመሪያ የሆነ ሰው ሲያመጣት ረስቷት የሄደ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ሰንሰለቱ ያረፈበትን አየሁ፤ አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሷል። ከመጣች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ከውሃ አልወጣችም ማለት ነው።

ሚስትዎን እትዬ ሲሳይነሽን ጠየቅኋት፤ እሷ መዋሸት አትችልም፤ እንደ ሆነው ነገረችኝ። የጣልያኑ ካፒታን በአስተርጓሚው አፍ "ጀልባ የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው፤ ለምን እንደ በሬ እየጎተታችሁ ታወጧታላችሁ?" ብሎ ጠየቀ አሉ። እርስዎስ ምን አሉ?

"ልክ ብለዋል ጌታዬ! እኔም ዕድሜ ልኬን የምለው ይህንኑ ነው።"

አያ ገደፋው! ይህንን የተናገሩት እርስዎ ነዎት? ከዘጌ የመጣው፣ ለአገሩ ሰው ሁሉ ታንኳ የሠራው ሰው? ወንድሜ ደረሰ አንድ ቀን ለምሳ ሲወጣ ታንኳዋን ውሃው ላይ ትቷት ቢሄድ፣ በመቅዘፊያው ሸመል ጀርባውን ያቃጠሉት እርስዎ አይደሉም? "ደንገል ሣር ነው፤ ሣር ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ እሷን ውሃ ላይ ያሳደረ ሰው መቃብሩን እየሠራ ነው" ያሉት በዚሁ አፍዎ ነው። እኔ ያኔ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ እስቅ ነበር። ደረሰ ጀርባውን እያሻሸ "ሰው በሣር ምክንያት ይገረፋል?" ሲል እርስዎም መልሰው ሳቁ። ሦስታችንም ሳቅን።

ስለዚህ የማስተምርዎት ስለማያውቁ አይደለም። ያስተማሩኝን መልሼ የምነግርዎት ጆሮዎ በአንድ ነገር ስለተደፈነ ነው። ቢያንስ ቅር አይበልዎት፤ የራስዎ ቃል ነው።

እሑድ ዕለት ጎኗን በጣቴ ተጫንኳት። ድሮ ጣቴ ይመለስ ነበር፤ አሁን እስከ መገጣጠሚያው ገባ። የወጣው ውሃ ይሸታል። ውስጥ ያነጠፍነውን የመቀመጫ ደንገል ሳነሳው እንደ ራሰ እንጀራ እጄ ላይ ተቆራረጠ። ማሰሪያው ልጥ ደግሞ ለስልሷል፤ በጥፍሬ ብቻ ክሩን ለየሁት። ይህ ሁሉ ግን ከምኑም አይቆጠርም፤ ልቤን የመታው ጭራዋ ነው።

ወደ ጭራዋ ከመድረሴ በፊት ስለ ካፒታኑ ማንኪያ ልናገር። አሳ የሚይዝበትን ያንን የሚያብረቀርቅ ማንኪያ ማለቴ ነው፤ ባለ ሦስት መንጠቆውን። እኛ አሳ ሊጥ በሰካንበት መንጠቆ ወይም በመረብ ስንይዝ ኖርን፤ እሱ ደግሞ ማንኪያውን በረጅም ሲባጎ ከኋላ ጥሎ ታንኳዋን ያስኬዳታል። ማንኪያው በውሃው ውስጥ እየተገላበጠ ይከተላል፤ አሳው ትንሽ አሳ የሸሸ መስሎት ይነክሰዋል። መልካም ዘዴ ነው፤ ጠላት ቢያመጣውም እውነቱን እናገራለሁ። የሰርዲን ቆርቆሮ ቀድጄ፣ በአመድ አሽቼ አንድ ሠርቻለሁ፤ የክንዴን ያህል አምባዛ ይዤበታለሁ። አለቃ ተስፋው ይህን ሰምተው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ግማሽ ቀን ሲነጋገሩ ዋሉና "ብረት የነከሰ አሳ ስስታም ስለሆነ በጾም አይበላም" ብለው ፈረዱ። ሽማግሌው ሲበተን ግን ወደ ኋላ ቀርተው "ልጄ፣ ጭንቅላቱን ለማን ነው ያሰብሽው?" አሉኝ።

የካፒታኑ ስሕተት ሲባጎውን ያሰረበት ቦታ ነው። እጁ ስለሚደክመው ጭራዋ ላይ፣ ከልጡ ጋር ቋጥሮታል። ልጡ ከጭራ እስከ አፍንጫ አንድ ወጥ ገመድ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ የጠመጠሙት እርስዎ ነዎት። ትልቅ አምባዛ ቢይዝ ወይም ማንኪያው ድንጋይ ቢነክስ፣ የሚጎተተው ታንኳዋ ሳትሆን ልጡ ነው። የረጠበው ልጥ አንድ ዙር ከፈታ ሁሉም ይከተላል። መሐል ዓባይ ላይ የተቀመጡበት ነገር የሣር ክምር ይሆናል። ቅዳሜ ደግሞ ከደምበጫ ሌላ መኮንን ተጋብዞ ይመጣል አሉ። ለሁለት ሰው በሠራናት ታንኳ ሦስት ሊሳፈሩባት ነው። ከታች ያሉትን አዞዎች ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደዚያች ረቡዕ ልመለስ። እኔ ባልመልስዎት እርስዎ በራስዎ አይመለሱባትም።

ደረሰ በጣልያን ጥይት ጭኑን ተመትቶ ማዶ፣ በወለጋው በኩል ወድቆ ነበር። እርስዎ በሚካኤል ስም ማሉልኝ፤ "ረቡዕ ጠዋት ታንኳዋን ይዤ እደርሳለሁ፤ አንቺ ብቻ ከጎኑ ሁኚ" አሉኝ። እኔ በተነፋ ስልቻ ተንሳፍፌ ተሻገርኩ፤ ስንቅ አደረስኩለት፤ ዳር ላይ ጠበቅን። ደረሰ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ እንኳ ያሾፍብዎት ነበር። "አያ ገደፋው የዘገየው ታንኳዋን እየመረቃት ይሆናል፤ ሳይመርቅ አይነሳም" ይል ነበር።

ፀሐይዋ ወጣ ስትል ታንኳዋ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ደረሰ እጄን ጨበጠ።

"መጣ! አላልኩሽም?"

ቀጥሎ ነጩን ባርኔጣ አየን። ካፒታኑ መሐል ተቀምጦ፣ ሲባጎው ከኋላው እየተሳበ፣ እርስዎ ከፊት ሸመሉን እየገፉ ነበር። ቁጥቋጦው ውስጥ ተደፋን። ደረሰ እንዳያቃስት ነጠላዬን አፉ ውስጥ ከተትኩለት። ከመቅረብዎ የተነሳ ማንኪያው ውሃው ውስጥ ብልጭ ሲል አየሁት።

እርስዎም አዩኝ። አላየሁም አይበሉኝ፤ ዓይን ለዓይን ነበርን። ፊትዎ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ሸመሉን አዙረው "እዚህ አሳ የለም ጌታዬ፤ ወዲያኛው ዳር ይሻለናል" ብለው ወሰዱት። ያንን ውለታ ልቆጥርልዎት ብዙ ደክሜያለሁ። በዚያች ደቂቃ አልሸጡንም፤ እውነት ነው። ግን በማግስቱም አልመጡም። ከማግስቱ በኋላም አልመጡም። ታንኳዋን የወሰዳት በግድ ቢሆን አንድ ቃል በእትዬ ሲሳይነሽ መላክ ያቅትዎት ነበር? ደረሰ ትኩሳቱ በጨመረ ቁጥር "አያ ገደፋው ይመጣል፤ ያቺን ታንኳ ለሌላ ሰው አይሰጥም" ይል ነበር። ካፒታኑ ካፖርት እንደሰጠዎት የነገርኩት ከተሻገርን በኋላ ነው።

የተሻገርነው በሁለት ስልቻ ነው። ስልቻዎቹን አንድ ላይ አስሬ እሱን ከላይ አስተኝቼ እየዋኘሁ ገፋሁት። ሁለት ጊዜ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ዛሬ በሕይወት አለ። እግሩ ግን አይታጠፍም፤ ከእንግዲህም አይታጠፍም ይላሉ። ያለንበትን አልነግርዎትም።

ይህንን ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ ደረሰ አየኝ።

"ለማን ነው?"

"ለአያ ገደፋው። ታንኳዋ ልትፈታ ነው፤ አትሳፈርባት ልለው።"

"ተዪው" አለኝ። "ውሃው ይፍረድበት።"

"ውሃው ፈራጅ ቢሆን መጀመሪያ አንተን ይበላህ ነበር" አልኩት። "በዚያ ጤነኛ እግርህ ስልቻዬን ስንቴ እንደረገጥክብኝ ታውቃለህ?"

አልሳቀም። እኔም የቀለደው አፌ ነበር እንጂ ልቤ አልቀለደም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስካሁን አላናገረኝም። እርስዎን በማስጠንቀቄ ወንድሜን አስቀይሜያለሁ፤ የዚህ ደብዳቤ ዋጋ ይህ ነው።

ስለዚህ በከንቱ እንዳይቀር የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ዛሬውኑ ያውጧት። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገው ከሾላው ግንድ ጋር ያቁሟት፤ ውሃዋ ወደ ጭራዋ ወርዶ ይንጠፍጠፍ። ፀሐይ እስክትጠጣና በእጅዎ ሲመቷት እንደ ከበሮ እስክታስተጋባ ድረስ አይንኳት። የበሰበሰውን ጭራ ያለ ርኅራኄ ቆርጠው ይጣሉት፤ በአዲስ ልጥ ከአፍንጫ ጀምረው እንደገና ይጠምጥሙ። ካፒታኑ አሳ ካላጠመድኩ ብሎ ከሞገተ ሲባጎውን በእጁ ይያዝ። እጁ ከደከመው ደግሞ በጉልበቱ ላይ በሚያጋድመው ዱላ ላይ ያስረው፤ ድንጋይ ሲይዘው ዱላው ሾልኮ ይሂድ፣ ሰው ይቅር። ማንኪያውን በየጊዜው ያውጣው፤ ሣር ከተጠመጠመበት አይገላበጥም፤ ያልተገላበጠን ማንኪያ የሚነክስ አሳ ደግሞ ከአለቃ ተስፋው በቀር አላውቅም።

ለካፒታኑ ምን እላለሁ ብለው እንደሚጨነቁ ይገባኛል። "ተሳስተዋል" ማለት ካቃተዎት "በዓል ነው፤ ታንኳ በበዓል ውሃ አይነካም" ይበሉት። የእኛን በዓላት ቆጥሮ ስለማይጨርስ ያምንዎታል። እስከ ፋሲካ ድረስ ሊያደርቋት ይችላሉ።

ይህን አንብበው ያቃጥሉት። ካፖርትዎ ኪስ ውስጥ ግን እንዳይከቱት፤ ኪሱን ከእርስዎ በፊት የሚያውቀው ካፒታኑ ነው።

የፈሩት እሱን ነው ወይስ የወደዱት ካፖርቱን፣ እኔ አላውቅም። ሲፈሩ አይቼዎት አላውቅም ነበር። ፈርተው ቢሆን ኖሮ፣ ፈራሁ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ አብሬዎት እፈራ ነበር። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምተው ቅዳሜ ከተሳፈሩባት ግን ይወቁት፤ ከመታጠፊያው በላይ ካለው ዓለት ሥር ተቀምጫለሁ። አልጮህም፤ እጄንም አላወዛውዝም። ስትፈታ ዘልዬ እገባለሁ። ባለ ባርኔጣዎቹ የራሳቸውን ሰው ይጥሩ፤ እኔ የማወጣው እርስዎን ብቻ ነው። ዋና ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ እንደማልስት ያውቃሉ። ዳር አደርስዎታለሁ፤ የዋጡትን ውሃ እስኪተፉ ጀርባዎን እይዝዎታለሁ። ትንፋሽዎ ተመልሶ ስሜን ሲጠሩ ግን ተነሥቼ እሄዳለሁ። ደግመው ይጥሩኝ፤ እሰማለሁ፤ አልዞርም።

ከዚህ በፊት ለእርስዎ ስጽፍ ከታች "ልጅዎ" እያልኩ ነበር። ዛሬም ልጽፈው ብዕሬን አንሥቼ ቀለሙ እስኪደርቅ ያዝኩት።

ታንጉት