በማስመሪያ የተለካው በረራ

ይድረስ ለተከበሩ የመግቢያ ፈተና እርማት ክፍል ኃላፊ፤

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለዓይንዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ፦ ምድር ክብ ናት። ይህን ለሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ለሕፃናት ስነግር ኖሬያለሁ፤ ለኃላፊ ስነግር ግን የመጀመሪያዬ ነው።

የልጅ ልጄ በአብራሪዎች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና በአንድ ነጥብ ወድቃለች። ነጥቧን ያጣችው በአሥራ ዘጠነኛው ጥያቄ ነው። ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች በሰሜን ኬክሮስ 40 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው 120 ዲግሪ ኬንትሮስ አለ፤ አጭሩ የበረራ ርቀት ስንት ነው? እሷ 9,240 ኪሎ ሜትር ብላለች። የእርስዎ የመልስ ቁልፍ 13,320 ይላል። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

1. ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ልጠይቅ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ምክትልዎ በደግነት አሳዩኝ። አንድ ሠራተኛ ማስመሪያውን ግድግዳው ካርታ ላይ በአንድ ጫፍ ያዘ፣ ሌላው በሌላኛው፤ እሳቸው አነበቡ። ማስመሪያው እንዳይንሸራተት ለተደረገው ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጠፍጣፋ ወረቀት ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር ርቀትን ለጥጦ እንደሚያሳይ ሳስረዳቸው፣ «ጋሼ፣ ካርታው እኮ የቢሮው ማኅተም አለበት» አሉኝ። ምክትልዎ የቀድሞ ተማሪዬ ናቸው፤ ሉል ሳዞር በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ስለነበር ከጥፋቱ ድርሻዬን እወስዳለሁ።

2. አውሮፕላኑ አጭሩን መንገድ ትቶ ኬክሮሱን ተከትሎ እንኳ ቢበር ርቀቱ 10,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቀረውን 3,120 ለመሙላት አብራሪው መንገድ ሊጠፋበት ይገባል። ትምህርት ቤቱ የሚያሠለጥነው ለዚህ ከሆነ ልጅቷን ስላልተቀበላችሁልኝ አመሰግናለሁ።

3. ለይግባኛችን በሦስት ቀን ምላሽ ስለሰጡን እናደንቃለን። «የመልስ ቁልፉ ስሕተት ሊኖርበት አይችልም፤ የመልስ ቁልፍ ነውና» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብሁት፤ በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ያለ ክብ ነገር አላየሁም።

ልጅቷ የምላሽዎን ደብዳቤ አጥፋ አስቀመጠችና፣ «አባባ፣ በሚቀጥለው ዓመት 13,320 ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። ሌሎቹን አቤቱታዎች ቢረሷቸው ቅር አይለኝም፤ ይህችን ግን አይርሱብኝ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ያለኝን አክብሮት በየትኛውም ማስመሪያ ለመለካት የተቸገርሁት፣

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጉዳዩን ለኮሚቴ እንደመሩት ሰምቻለሁ። አባላቱ እጅ ከማውጣታቸው በፊት አብሬ የላክሁትን ብርቱካንና ክር ይሞክሩት፤ ክሩን ብርቱካኑ ላይ ባደረግኋቸው ሁለት ምልክቶች መካከል ወጠር ሲያደርጉት አጭሩን መንገድ ራሱ ያገኘዋል። ብርቱካኑን ከልኬቱ በፊት እንዳይበሉት አደራ። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋልና እባክዎ እስከ ሐሙስ ይመልሱልኝ።