የደረት ኪስ በቀኝ በኩል

ለታላቅ እህቴ፣ ከእናቴ ቀጥሎ እናቴ ለሆንሽው፤

እትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይጠዘጥዝሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽን እንቅስቃሴ ጀመርሽ? እንዳልጀመርሽ አውቃለሁ፤ ለወጉ ያህል ነው የጠየቅሁሽ። ጋሼስ ሳሉ ለቀቃቸው? ልጃችንስ ፈተናዋን በሰላም ጨረሰች? ያቺ ግድግዳ እየደበደበች የምታነጋግርሽ ጎረቤትሽስ ደህና ናት? እኛ ሁላችንም በጤና አለን። እኔ ንዴት በንዴት ከመሆኔ በቀር ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለብኝም። ናፍቆትሽን ከበሽታ አልቆጠርኩትም፤ ለምጄዋለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ከስልክ ጋር ተኳርፈናል። ባለፉት ሁለት ወራት ከባለቤቴ ፊት ይልቅ የስልኬን ፊት ነው ያየሁት። ዛሬ ግን ባላየው ይሻለኛል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። ደግሞ ይህን ወሬ በስልክ ብነግርሽ መሃል ላይ በሳቅ ታቋርጪኛለሽ። እዚህ ላይ ግን የፈለግሽውን ያህል ሳቂ፣ አልሰማሽም።

ነገሩ የጀመረው አዲሱ ዳይሬክተራችን ቢሯቸው ያስጠሩኝ ቀን ነው። የልብስ ስፌት ክፍል ተማሪው እየሳሳ ስለሄደ ክፍሉን ለሌላ ሙያ ሊሰጡት እንዳሰቡ ነገሩኝ። ተማሪው የቀረው ሙያውን ጠልቶ አይደለም፤ አብዛኞቹ ቀን ሥራ ላይ ናቸው፣ ከሥራ ወጥተው እዚህ እስኪደርሱ የግቢው በር ይዘጋል። ይህንኑ ብነግራቸው ለካ መልሱን አዘጋጅተው ነው የጠበቁኝ፤ እንግዲያው በኢንተርኔት ይማሩ፣ አንቺም ትምህርቱን በቪዲዮ አዘጋጂ አሉ። አሥራ ሁለት ትምህርት፣ በሦስት ወር። በመጨረሻም የተመዘገቡት አሥራ አራት ተማሪዎች፣ አንድም ሳይጎድል፣ የሠሩትን ልብስ ይዘው መቅረብ አለባቸው። ካልሆነ ክፍሉ ይዘጋል፣ እኔም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እዛወራለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው መቀስ አያያዝ ሳስተምር የኖርኩት ሴትዮ፣ መቀስ በፊርማ አስረካቢ ልሆን ነው።

ሥልጠናውን የሰጠን የኮምፒዩተር መምህሩ ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ቀላል ነው ስለሚል እኛ ሠልጣኞቹ ስሙን ትተን ‘ቀላል ነው’ ብለን እንጠራው ጀመር። አካውንት መክፈት ቀላል ነው። ቪዲዮ መጫን ቀላል ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ለሱ የቀለለው ሁሉ እኔ ጋ ሲደርስ ድንጋይ ይሆናል። የይለፍ ቃል አበጂ አለኝ፤ አበጀሁ። ማሽኑ ደካማ ነው ብሎ መለሰብኝ። አጠነከርኩት፤ በማግስቱ ራሴ ረሳሁትና ደጅ ቀረሁ። ከቪዲዮው የማይፈለገውን ቁረጪ ሲለኝ ደግሞ የሚፈለገውን ቆርጬ ጣልኩት። አስቢው እስኪ፣ ዕድሜዬን በመቁረጥ የጨረስኩ ሰው!

የመጀመሪያውን ትምህርት የቀረጽኩ ዕለት ያለቀስኩትን ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ስልኩን መጻሕፍት ላይ አቁሜ፣ ጨርቄን ዘርግቼ፣ ስለ ልኬት አርባ ደቂቃ አስተማርኩ። ስጨርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ለካ መቅጃውን አልነካሁትም፤ ስልኩ አንዲት ቃል አልያዘም። ለባዶ ወንበሮች ነበር ስለፈልፍ የቆየሁት። ሁለተኛ እንዲህ አልታለልም ብዬ ማልኩ።

ከዚያ የልብስ መስቀያ ሽቦ ጠምዝዤ፣ ስልኩን ከመቁረጫ ጠረጴዛው በላይ አንጠልጥዬ፣ ቁልቁል እጆቼን እንዲያይ አደረግሁ። ‘ቀላል ነው’ መጥቶ አየና ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን በኋላው ካሜራ ቅረጪ አለኝ። በኋላው ከቀረጽኩ ስክሪኑ ወደ ጣሪያ ይዞራል፤ ታዲያ መቅዳቱን በምን አያለሁ? እሺ ብዬ ሸኘሁትና፣ ሰው የራሱን ፎቶ በሚያነሳበት፣ በፊቱ ካሜራ ቀጠልኩ። ቀና ስል ቀዩ ነጥብ ይታየኛል፣ ልቤ ያርፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉሻል ይሄ ነው።

እንደዚያ እያልኩ ዘጠኝ ትምህርት ቀረጽኩ። አንዱንም ግን መልሼ አላየሁም። አንዴ ሞክሬ ነበር፤ አንዲት የማላውቃት ነጭናጫ ሴትዮ በኔ ድምፅ ትናገራለች፣ ሁለት ያረጁ እጆች ጨርቁ ላይ ይሯሯጣሉ። ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ዘጋሁት። ‘ቀላል ነው’ ከመላክሽ በፊት እባክሽ እዪው ብሎ ለምኖኝ ነበር። በቪዲዮ ላይ ‘እንዲህ’ እና ‘ወደዚህ’ እያልሽ አታስተምሪ፣ ግራውን ግራ፣ ቀኙን ቀኝ በዪ ብሎም መክሮኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት በ‘እንዲህ’ ነው። እንዲህ እጠፉት፣ እንዲህ ሳቡት፣ ወደዚህ አዙሩት። ጨርቅ በእጅ እንጂ በአፍ ይታጠፋል እንዴ? ለቀባሪው አረዱት አልኩ በሆዴ።

ባለፈው ሐሙስ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዘው መጡ። የወንድ ሸሚዝ ነው ያዘዝኳቸው፣ የደረት ኪስ ያለው። አሥራ አራቱም ተገኙ፤ ዳይሬክተሩም መጡ። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥረን ሸሚዞቹን ሰቀልናቸው። ከሩቅ ሳያቸው ደስ አለኝ፤ ኮሌታው ቆሟል፣ እጅጌው አልተጨማደደም። ጠጋ ስል የመጀመሪያው ሸሚዝ ኪሱ በቀኝ ደረት ላይ ነው። ይሄ ተሳስቷል ብዬ አለፍኩ። ሁለተኛውም በቀኝ። ሦስተኛውም። ቁልፎቹም በቀኝ መተከል ሲገባቸው በግራ ተተክለዋል። አሥራ አራት ሸሚዝ፣ ሁሉም ከመስታወት ውስጥ የወጣ ይመስል ነበር።

ዳይሬክተሩ ስለ ስፌት ምንም አያውቁም። ግን ሸሚዞቹን አዩ፣ ከዚያ እስክሪብቶ የሰኩበትን የራሳቸውን ግራ ደረት ዳሰሱ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሁሉም እኩል ከተሳሳቱ ጥፋቱ የተማሪ አይደለም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይበልጥ ያበሸቀኝም እሱ ነው። በወሩ መጨረሻ አሥራ አራት ትክክለኛ ሸሚዝ አያለሁ፣ አሥራ ሦስት ከሆነ አልቀበልም ብለው ወጡ።

‘ቀላል ነው’ ተጠርቶ መጣና ገና አንዱን ቪዲዮ ሲከፍት ምክንያቱን አወቀው። የፊቱ ካሜራ ገልብጦ ነው የቀረጸው፤ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጎታል። እኔ በቀኝ እጄ የያዝኩት መቀስ ቪዲዮው ላይ በግራ እጅ ተይዟል። የሜትሩ ቁጥር ሳይቀር የኋሊት ተጽፏል። ግራ ወይም ቀኝ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ አንዱ ይነቃ ነበር፤ እኔ ግን ከዳር እስከ ዳር ‘እንዲህ’ ነበርኩ። እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም ብዬ ጮህኩባቸው። የጥበቃ ሠራተኛ የሆነው ተማሪዬ፣ ቲቸር በግራም ትችላለች ብለን ተደንቀን ነበር አለ። ሌላዋ ደግሞ ሜትሩ የውጭ አገር መስሎኝ ነው አለች። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል አልኳቸው። ለራሴ ግን ምን ልበል? ዘጠኙንም ሳላይ የላክሁት እኔው ነኝ።

ደሜን ያፈላው ደግሞ ምን መሰለሽ፣ ማስተካከሉ በአንድ ጠቅታ የሚያልቅ ሆኖ ተገኘ። ‘ቀላል ነው’ ራሱ አፍሮ ቀላል ነው ማለቱን ተወው። ቪዲዮዎቹን ሊገለብጣቸው ሲል አንዲት ተማሪ ከኋላ ተነስታ እባካችሁ የኔን አትንኩብኝ አለች።

ዳቦ ቤት የምትሠራ ሴት ናት፣ ከሁሉም ዝምተኛዋ። ግራኝ ናት። አምና እዚሁ ክፍል ትማር ነበር፤ መቀሱን በግራዋ ባነሳች ቁጥር እየነጠቅሁ በቀኟ አስይዛት ነበር። ሰው እንደሚይዘው ያዢ እላት ነበር። ሁለት ወር ታግሳ ቀረች። ዘንድሮ የተመለሰችው ትምህርቱ ቤቷ ድረስ ስለሚሄድ ነው፤ እኔ አጠገቧ ስለማልቆም ብላ ይሆናል፣ እንጃ። ሸሚዟን ገልብጬ ስፌቱን አየሁት። እትዬ፣ ከአሥራ አራቱ እንደሷ ያጠራ የለም። ቪዲዮው ላይ ያለው እጅ የኔ እጅ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላስተረጉም ገባኝ አለችኝ።

ያን ጊዜ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አራተኛ ክፍል ሳለሽ ግራ እጅሽን ከወንበሩ ጋር ያሰረብሽን መምህር ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖሬያለሁ። ትምህርቱን ጥለሽ ቤት የቀረሽው በሱ ምክንያት ነው። እኔ ግን ያንን ሰው ሆኜ ተገኘሁ፤ ያውም ያንቺ እህት ሆኜ፣ ያውም አንቺ ያስተማርሽኝን ሙያ ይዤ። አንቺ እኮ እጄን አንድ ቀን አልነጠቅሽኝም። ግራኝ መሆንሽን ስለምታውቂ አጠገቤ አትቀመጪም ነበር፤ ጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ፣ እንደ መስታወት እዪኝ ትዪኝ ነበር። ለኔ ስትዪ ቦታሽን ቀየርሽ። እኔ ለሷ አንዲት እርምጃ አልተንቀሳቀስኩም። አፈርኩ፣ እትዬ። ከሸሚዞቹ ሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ይሄ ነው።

አሁን ያለሁበትን ልንገርሽ። ዘጠኙ ተገልብጠው ተስተካክለዋል፤ የቀሩትን ሦስቱን በኋላው ካሜራ፣ ግራ ቀኝ እያልኩ፣ እያንዳንዱንም ሁለት ሁለቴ እያየሁ ቀርጫለሁ። አሥራ ሦስቱ ሸሚዛቸውን እንደገና ጀምረዋል። የዳቦ ቤቷ ሴት ግን ቆማለች። የተስተካከለው ቪዲዮ ላይ የሚታየው ቀኝ እጅ ነው፣ አይገባትም። ያልተስተካከለውን ብትከተል ደግሞ ኪሱ መልሶ በቀኝ ይወጣባታል። እሷ የሚያስፈልጋት ትክክለኛውን ሸሚዝ የሚሠራ እውነተኛ ግራ እጅ ነው። በግራዬ ሞክሬው ነበር፤ መቀሱ ጨርቁን ከመቁረጥ ይልቅ አኘከው። የግራ መቀስ ግዙልኝ ብዬ ብጠይቅ እንዲህ ያለ ዕቃ በዝርዝሩ ላይ የለም ተባልኩ።

ስለዚህ ልለምንሽ ነው፣ እንቢ እንዳትዪኝ። አንቺ ተራውን መቀስ በግራሽ ይዘሽ አውራ ጣትሽን ወደ መዳፍሽ እየሳብሽ ጨርቁን እንደ ቅቤ የምትቆርጪበትን ዘዴ፣ ኪሱን በግራ ደረት የምታስቀምጪበትን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን የምትሠሪበትን፣ እነዚህን ሦስቱን ቀርጸሽ ላኪልኝ። ልጃችን ስልኩን ከራስሽ በላይ ትያዘው፤ በኋላው ካሜራ በያት፣ አደራ። መቅጃውን መንካቷንም አይተሽ ጀምሪ። ‘እንዲህ’ አትበዪ። እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሰው ነኝ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እኔ ዲፕሎማዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አሥራ አራት ሸሚዝ ገልብጬ አሰፍቻለሁ፤ ስለዚህ በዚህ በኩል አትምጪብኝ።

ፊትሽ አያስፈልግም፤ ፀጉሬ አልተሠራም የሚል ሰበብ አልሰማም። እጅሽ ብቻ ይበቃል። አባታችን ያስነሳን ያ የቤተሰብ ፎቶ እዚህ መስኮቱ ጋ አለ። ሁላችንም እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገናል፤ ያንቺ ግራ እጅ ብቻ አይታይም። ከኔ ጀርባ ደብቀሽው ነበር፤ ቀሚሴን ጨብጠሽ መያዝሽ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። አሁን እኔ ዞር ልበልልሽና፣ ያንን እጅ አውጪውና ይታይ።

ለጋሼ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ሳላቸው ካልተወ ሐኪም ቤት በግድ ውሰጃቸው። ልጃችንን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ካሜራ ስትይዝ እንዳትስቅ ምከሪያት። ጎረቤትሽ ግድግዳውን ስትደበድብ አንዴ በኔ ስም መልሺላት። ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል፤ የልብስ መስቀያዎቹን በሙሉ ለስልክ ስለጨረስኩበት ሱሪው ወንበር ላይ ነው የሚያድረው፣ አላጉረመረመም። ልጄንም ናፍቀሻታል።

ከስፌት ክፍሉ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው

የመጀመሪያ ተማሪሽ፣
ታናሽ እህትሽ