ኮምፒውተሩ ድምፅ ያጣ ሰሞን

ውድ ወንድሜ ሊምበርት፣

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ነው፣ የከተማችንን የኦሩሮን ብርድ መቼም ታውቀዋለህ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጎረቤታችን የዶኛ ቶማሳ ልጅ ነው፤ ጭነት ይዞ አንተ ወዳለህበት ማዕድን ማውጫ ይመጣል። ስልክ እያለ ምን አስጻፈሽ እንዳትለኝ። እኛ ቤት በስልክ የሚወራው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ድምፁ ተለቆ ነው፤ አባባ ደግሞ አንዲት ቃል አታመልጠውም። የምነግርህን ነገር እሱ መስማት የለበትም። ስለዚህ እንደ ልማድህ ግማሹን አንብበህ ኪስህ ውስጥ እንዳትከተው።

ስትሄድ አውቶቡስ ተራ ላይ ያልከኝን አልረሳሁም፤ አባባ እዚያ ወንበር ላይ ደርቆ እንዳይቀር ብለህ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባ ወዲህ ትራምፔቱ ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ለካርኒቫሉ የጎዳና ጭፈራ ሲነፋ የኖረ ሰው፣ አምና ባንዱ በደጃችን ሲያልፍ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። አንጀቴን ነው የበላው። አንተ ከሄድክ በኋላማ ባሰበት። እማማ ልታጫውተው ብትሞክር መልሱ «እህ» ብቻ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲሁ እንደተቀመጠ ያልፍብናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

እንዲህ እያለን የባንዱ አለቃ ዶን አናክሌቶ ቤት ድረስ መጣ። ለዘንድሮው ካርኒቫል ሞሬናዳ ለሚባለው ጭፈራ አዲስ ዜማ ይፈልጋል፤ ዜማ ከእኛ ቤት ለምዷል፣ አንተ ደግሞ የለህም። እኔ እጽፈዋለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ኖታ ያስተማረኝ አባባ መሆኑን፣ አንተ ስትጽፍም ከጀርባህ ቆሜ ሳይ መኖሬን ነገርኩት። በኅዳር መግቢያ፣ ባንዱ በሚሰበሰብበት እሁድ አምጪው ብሎኝ ሄደ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ በራሴ አካውንት ገባሁ፤ የኖታ መጻፊያው ፕሮግራም የለም። ለካ አንተ ስትጭነው ለራስህ ብቻ ነው የጫንከው! ለአራታችንም የየራሳችንን አካውንት ስትከፍትልን እንዴት አመስግኜህ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ያን ቀን ግን ምስጋናዬን መልሼ ወሰድኩ። ስደውልልህ ጭራሽ አንተም የይለፍ ቃልህን ረስተኸዋል። የድሮ ፍቅረኞችህን ስም አንድ በአንድ ሞከርኩ። እማማ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር የማታውቃቸውንም አወቀቻቸው፤ እሱን ስትመጣ ራስህ ተወጣው።

የፕሮግራሙን ሻጮች ስጠይቅ ፈቃዱ ለኮምፒውተሩ ነው፣ በእሱ የሚሠራ የቤቱ ሰው ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል አሉኝ። ደስ ብሎኝ እንደገና ልጭነው ስል የኮምፒውተሩ አለቃ ይፍቀድ ይለኛል። አለቃው ማን ሆነና? እማማ! ምንም አትነካካም ብለህ ሥልጣኑን የሰጠሃት አንተ ነህ፤ እሷ እንደሆነ ካርታ ከመጫወት በቀር ሌላ ነገር ከፍታበት አታውቅም። መነጽሯን አድርጋ መጣች። ፕሮግራሙን የምትጭኚው ለአንቺ ብቻ ነው ወይስ ይህን ኮምፒውተር ለሚጠቀሙ ሁሉ ብሎ ኮምፒውተሩ ጠየቃት። እማማ ተቆጣች።

«ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ሰው ባለበት ቤት ለአንድ ሰው ብቻ ድስት ይጣዳል እንዴ?» ብላ «ለሁሉም» የሚለውን ራሷ ተጫነችው።

ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ እኔም ተቀምጬ ጻፍኩ። አጫውት ስለው ግን መስመሩ ኖታው ላይ ይሄዳል እንጂ ድምፅ የለም። ትራምፔቱም፣ ትሮምቦኑም፣ ከበሮውም፣ የመሣሪያዎቹ ድምፅ በሙሉ በአንተ የግል ፎልደር ውስጥ ተቆልፎበታል። እማማ በሥልጣኗ ልትከፍተው ትችላለች ያሉኝ ነበሩ፤ የጻፍካቸው ዜማዎች እንዳይጠፉብህ ፈርቼ ተውኩት።

ሲጨንቀኝ የመጀመሪያውን ገጽ አትሜ አባባ ፊት አስቀመጥኩለት። ስሕተት ካለው ብቻ ንገረኝ አልኩት። አልፈልግም አለ። ወረቀቱን ትቼለት ወጣሁ። ስመለስ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች የጠረጴዛውን ጠርዝ እንደ ትራምፔት ቁልፍ ይጫናሉ፣ ይለቃሉ። ቀና አለና፦

«አንቺ፣ ሰዎቹን ልትገድያቸው ነው? የት ጋ ይተንፍሱ?» አለኝ።

«ኮምፒውተሩ እኮ ምንም አላለኝም።»

«ኮምፒውተር ምን ሳንባ አለውና! የወንድምሽም እንዲሁ ነበር። እየነፋን፣ እየጨፈርን፣ ታፍነን ልናልቅ ነበር፤ ቅር እንዳይለው ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ወንድምዬ፣ እነሱ የደበቁህን እኔ አወጣሁት፣ ምን ላድርግ። በሳቅ ፍርስ አልኩ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ይኼ በወሬ አይሆንም ብሎ ወንበር ላይ ወጥቶ ትራምፔቱን አወረደ። የመጀመሪያው ድምፅ የታመመ በግ ይመስል ነበር። ጥርሱ ተንሸራተተበት፤ ጥርሱንም የሠራለትንም ሰው ሰደበ። ማጣበቂያ ቀብቶ እንደገና ነፋ። ከፍ ያለውን ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ ወደ ታች አውርዶ ይነፋውና ላይ እንዳለ አድርገሽ ስሚው ይለኛል። ዶኛ ቶማሳ ግድግዳውን ደበደበች። ልትቆጣ ነው ስንል ለካ ድገመው እያለች ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ አባባ ጥርሱን አጣብቆ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ይጠብቀኛል። የጻፍኩትን ሁሉ እሱ ይነፋል፤ ቱባ የሚባለውን የትልቁን መሣሪያ ድርሻ ሳይቀር። እማማ ከበቆሎ የሚፈላውን ትኩሱን አፒያችንን ቀድታ ስታበቃ የልብስ ሳፋውን ትደፋና ከበሮ ትሆናለች። ምቱን ታፈጥነዋለች፣ እሱ ይጮህባታል፣ እሷ ትመልስለታለች። አሁን የቤታችን ጠብ በሙሉ በዚህ ነው። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ ደስታዬን አልችለውም።

ዜማው ለእሁዱ ደረሰ። ባንዱ ከዳር እስከ ዳር ተጫወተው፣ ታፍኖ ያቆመ አልነበረም። ዶን አናክሌቶ አባባን ወደ ጎን ወሰደና የጻፍከው አንተ ነህ አይደል አለው። አባባ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «እሷ ናት የጻፈችው። እኔ ነፋሁላት» አለ። እዚያው ሁለተኛ ዜማ አዘዘን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማክሰኞ ዕለት የይለፍ ቃሉን አስታውሰህ ስለላክህልኝ አመሰግናለሁ። ያን ሁሉ ሴት ሞክሬ ለካ የገዛ ስምህ ኖሯል! አይ አንተ! በአካውንትህ ገብቼ ድምፆቹን ሁላችንም ወደምንከፍተው የጋራ ፎልደር አዛወርኳቸው። ከዚያ በራሴ አካውንት ተመልሼ የአዲሱን ዜማ መግቢያ አጫወትኩት። ሙሉ ባንድ ሆኖ ወጣ፤ ከፍ ያለው ድምፅ ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። አባባ ግቢ ውስጥ ነበር። የእግሩን ኮቴ ስሰማ አጠፋሁት። ገብቶ በሩ ላይ ቆመ፤ የጥርሱ ማጣበቂያ እጁ ላይ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሬዲዮ ነው» አልኩት።

ኮምፒውተሩን አየው፣ እኔን አየኝ። «ሊምበርት ያንን ቃሉን እስካሁን አላስታወሰም?»

«አላስታወሰም።»

«አይ ያ ልጅ» አለ። ፊቱ ግን በራ። «እንግዲያው ምን ይደረጋል፣ ገጹን አምጪ።»

ስለዚህ የስፒከሩን ገመድ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። አንተ ስትመጣ ድምፆቹ ለሁላችንም እንደተዘጋጁ ታገኛቸዋለህ። እሁድ ስትደውል አባባ ስልኩን ነጥቆኝ ስለ ይለፍ ቃሉ እንደሚጠይቅህ እርግጠኛ ነኝ። ቶሎ አትመልስለት፤ ትንሽ እንደማሰብ በል። ከዚያ «አባባ፣ ጨርሶ ጠፋብኝ» በለው።

የምትናፍቅህ እህትህ፣
ኒየቬስ