መቶ ሰማንያ ስድስት አካውንት በአንድ ጊዜ ለዘጉልን ኃላፊ

ለክቡር አቶ ጩማ፣ የሆስፒታላችን የኮምፒውተርና ኔትወርክ ክፍል ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

በአየር ማቀዝቀዣ በሚጠበቀው ቢሮዎ እንደ ሰርቨሮቹ ሁሉ እርስዎም በመልካም ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ በማድረግ፣ ከሕፃናት ክፍል የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በቅድሚያ ለቅልጥፍናዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሌላ ባለሙያ የሠራተኛውን አካውንት አንድ በአንድ እያጣራ ሲንገላታ፣ እርስዎ ሠላሳ ቀን ያልተገባበትን ሁሉ «ሥራ የለቀቀ» ብለው መቶ ሰማንያ ስድስቱን በአንድ ጊዜ ዘግተው ለሻይ ሰዓት ደርሰዋል። የቀሩኝ ጥቂት ምስጋናዎች የሚከተሉት ናቸው።

1. ለክትባት ዘመቻ ሁምቦ ወርደን፣ ኔትወርክ በሌለባቸው ቀበሌዎች ከወር በላይ በእግር ስንዞር የከረምን ሠራተኞች ሥራ መልቀቃችንን የሰማነው ከእርስዎ ነው። ያን ሁሉ ፀሐይ የቻልነው ሥራ ፈት ሆነን መሆኑን ባለማወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

2. አካውንት የማስከፈቻ ማመልከቻ በሲስተሙ ብቻ እንዲገባ፣ ወደ ሲስተሙ ለመግባትም አካውንት እንዲያስፈልግ ማድረግዎን ሳናደንቅ አናልፍም። የክፍላችን ኃላፊ ሊያመለክቱልን ፈቃደኛ ነበሩ፤ ዳሩ ግን እርሳቸውም አብረውን ዘምተው ስለነበር ተዘግተዋል።

3. ከክፍላችን ያልተዘጋችው ነፍሰ ጡር በመሆኗ ዘመቻ ያልወጣችው ሲስተር ሙሉሐረግ ብቻ ነበረች። ሕመምተኛ ሲስተም እስኪከፈት አይጠብቅምና ፓስወርዷን ሰጠችን፤ ሁላችንም በእርሷ ስም ስንጽፍ ሰነበትን። ጥፋት መሆኑን አልክድም። ሆኖም ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሳስረዳዎ፣ ሁሉንም በጅምላ እስኪከፍቱልን በዚሁ እንድንቀጥል ነግረውኛል።

4. ባለፈው ወር፣ ከተበላ ከተማ ለመጣ አንድ ሕፃን ከሚገባው እጥፍ የሆነ የመድኃኒት መጠን በሲስተር ሙሉሐረግ ስም ተመዘገበ። የፋርማሲዋ የማርያምወርቅ አይታ ስለመለሰችው ሕፃኑ ተርፎ፣ ድኖም ቤቱ ገብቷል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ግን ሙሉሐረግን አራስ ቤት ድረስ ደብዳቤ ልኮ ጠርቷታል፤ ከሥራዋ ልትሰናበት ነው። እርስዎም ሲስተሙ እንደማይሳሳት የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ በመስጠት ተባብረዋል።

ክቡር ሆይ፣ ያን መጠን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር፤ የሌላ ሕፃን ክብደት አይቼ አሰላሁ። ኮሚቴው ቃሌን በሲስተሙ እንዳስገባ አዝዞኛል፤ ባስገባው ግን የእርሷ ቃል ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ በእጄ ፈርሜ፣ ሁሉም እንዲያነበው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ቅጣት ካለ የእኔ ነው፤ እርስዎም ማስረጃዎን እንዲያነሡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሥራ ከለቀቅሁ ሦስተኛ ወር ቢሆነኝም ዛሬም ተረኛ የሆንሁት፣ ውለታዎን የማልረሳ አክባሪዎ፣

ሲስተር ትርሐስ ጸሐዬ
ከሕፃናት ክፍል

ማስታወሻ፦ ስሕተቱ በተመዘገበበት ቀንና ሰዓት ሲስተር ሙሉሐረግ እዚሁ ማዋለጃ ክፍላችን ውስጥ ምጥ ላይ ነበረች። አዋላጆቹም እንደ እኛው ተዘግተው ፓስወርዷን ተውሰው ስለነበር፣ የማይሳሳተውን ሲስተምዎን ከፍተው ቢመለከቱ፣ ሴት ልጇን ያዋለደችው ባለሙያ ተብላ የተመዘገበችው ራሷ ሲስተር ሙሉሐረግ ናት።