የመምህርት እንኳየሁ ህሩይ ዕረፍትና የታጠፈው ወረቀት

የትምህርት ቤታችን የስዕል ክበብ መሥራች መምህርት እንኳየሁ ህሩይ፣ በነበረባቸው የልብ ሕመም ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በመካነ ብርሃን አርፈዋል። የክበቡ አባላት በመሪር ሐዘን ላይ ነን። ሐዘናችን ግን ብቻውን አልመጣም፤ ቁጣም ይዞ ነው የመጣው።

መምህርት እንኳየሁ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲመጡ፣ የስዕል ትምህርት ማለት ሰሌዳ ላይ ያለውን ብርጭቆ መገልበጥ ነበር። እርሳቸው አንድ ወረቀት ለአራት ተማሪ ሰጡ። አንዱ ራስ ይስልና አጥፎ ያሳልፋል፤ ሌላው የተሳለውን ሳያይ ደረት ይቀጥላል፤ እስከ እግር እንዲህ ይሄዳል። ሲገለጥ ማንም ያላሰበው ፍጥረት ይወጣል። እጅ አውጥተን የማናውቅ ተማሪዎች በዚያ ጨዋታ ተራ ደረሰን።

በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወደ ወለቃ ወስደው በሸክላ አጫወቱን። አንዷ ለጀመረችው ማሰሮ ሌላው የዶሮ እግር አበጀለት። ሸክላ ሠሪዋ «ይኼ ውኃ ይቀዳበታል ወይስ እንቁላል ይጥላል?» ብለው ሲጠይቁ መምህርታችን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከመካከላችን አራታችን አንድ ወረቀት ደረሰን፤ ሶሊያና ራስ ሳለች። አፍንጫ ከፊት መሳል ስለማትችል ከጎን፣ በአንድ ዓይን ሳለችው። ምስጋናው ሳያይ ቀይ ከረባት አሰረለት። ምስጢር ሆድ ጨመረች፤ ፍሬ የአህያ እግር ሰጠችው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ ከጎን በአንድ ዓይን እንደሚሳል ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ቀይ ከረባት የማይለያቸው ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ አስናቀውም ያውቃሉ። ክፍላችን ውስጥ የሰቀልነውን ስዕል ከግድግዳ ገንጥለው «እኔን ነው ኃጥእ ያደረጋችሁኝ! ማን ነው የሳለው?» አሉ። መምህርት እንኳየሁ «ማንም እርስዎን አልሳለም፤ ወረቀቱ ታጥፎ ነበር» ብለው መለሱ። የአንዳችንንም ስም አልሰጡም።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአቶ አስናቀው ጥያቄ መምህርታችን ከጎንደር ርቃ ወደምትገኘው መካነ ብርሃን ተዛወሩ። የልብ ክትትላቸው ጎንደር መሆኑን ቢያስረዱም፣ አቶ አስናቀው በእኛ ፊት «እዚያ ሄደው ወረቀት ይጠፉ» ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒታቸው ይቋረጥ ነበር።

አሁን አቶ አስናቀው ለአርባቸው «ታታሪ ባልደረባችን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትልቅ ስዕል እንድንሠራ አዘውናል። ትዕዛዙን ተቀብለናል። መምህርታችንን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖች እንስላቸዋለን። ስዕል ያሠራ ሰው ደግሞ ከእግር ሥር ተደፍቶ መሳሉ የቆየ የአገራችን ወግ ነው፤ ይህም ወግ ይጠበቃል። ከጎን ይታያል፤ ዓይኑ አንድ ነው፤ ከረባቱ ቀይ ነው። ያን ጊዜ አቶ አስናቀውን አላሰብናቸውም ነበር። አሁን አስበናቸዋል።

ስዕሉ የሚሰቀለው በመምህርታችን ባለቤት በአቶ ኪዳነ ማርያም ፈቃድ በቤተሰቡ ግቢ ስለሆነ፣ የሚገነጥለው የለም።

ለአቶ ኪዳነ ማርያም፣ ለልጃቸው ለማርያማዊት፣ ለባልደረቦቻቸው፣ ዝም ላሉትም ጭምር፣ እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥልን። ለአቶ አስናቀው መጽናናትን አንመኝም።

ማን ነው የሳለው ብለው ለሚጠይቁ፣ በዚህ ጊዜ ወረቀቱ አልታጠፈም፦

ሶሊያና፣ ምስጋናው፣ ምስጢር፣ ፍሬ