የዕድሩ ድንኳን ቁልፍ

ላፍቶ፣ ኅዳር 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ብርነሽ፤ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔና ልጆቹ ቸሩ አምላክ ይመስገን፣ አለን።

ወንድምዎ ሙሉሰው ደጅ ጠንቶ ለሰፈሩ ያስገባው ቦኖ ውኃው አልተቋረጠም፤ የቀዳ ሁሉ ይመርቀዋል። ቀበሌ «ለጥያቄ» ብሎ ከወሰደው ወዲህ ስንቅ አመላልስ ነበር። ሰኞ ግን «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው ሳህኑን መለሱልኝ። ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውት ይሆናል።

ትናንት ጎረቤቶች መጥተው የዕድሩ ድንኳን ያለበትን ዕቃ ቤት ቁልፍ ጠየቁኝ። የዕድሩ ዳኛ እሱ አይደል? «ማን ሞቶ ነው?» ብላቸው መሬት መሬት አዩ። «ቁልፉ እሱ ኪስ ነው፤ ሲመጣ ራሱ ይከፍትላችኋል» ብዬ ተቆጥቼ መለስኳቸው። ቁልፉንስ ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ።

እትዬ፣ ለመምጣት ካሰቡ ነጭ ልብስዎን ለብሰው ይምጡ። በደህና ያገናኘን።

አክባሪዎ ፀሐይወርቅ