በልክህ የተቆፈረው የሽመና ጉድጓድ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ደህና ወሬ ስላልነበረኝ ነው። ዛሬ ግን ወሬው ከአፌ ሊያመልጥ ደርሷል። እማዬ እንደሆነች እዚሁ ሆና ሁሉን አይታለች፤ ያላየኸው አንተ ነህ። ስለዚህ ቁጭ በልና ስማኝ። የምጽፍልህ መዘዞ ቤታችን ውስጥ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ከበግ ፀጉር ባና ስትሸምን በኖርክበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጬ ነው፤ እግሬ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሏል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ጉልበቷ እምቢ ይላታል። ጣሪያው ተቀይሯል። ወንድሜ ጌታቸው አግብቷል፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። እኔ አሁንም ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነኝ። አንድ ዓይነት አበባ ከጠዋት እስከ ማታ ከማሽኑ ይወርዳል፤ እኔ የተበጠሰ ክር እቀጥላለሁ። እንጀራዬ ነውና አልሰድበውም። ግን አባዬ፣ ያ አበባ በሕልሜ ሳይቀር እየመጣ ያናድደኛል።

ታስታውሳለህ፣ የበግ ፀጉሩን በቀለም በቀለሙ ለዪ ብለህ ስትሰጠኝ? ጥቁሩን፣ ነጩን፣ ዳለቻውን። እኔ መሬት ላይ እየዘረጋሁ ሥዕል እሠራበት ነበር፤ በጥቁሩ ገደል፣ በዳለቻው ጉም፣ በነጩ ሰማይ። አንተም እጅህን አጣጥፈህ ታይና ባና ብርድ ይከላከላል እንጂ ወሬ አያወራም ትለኝ ነበር። አፍህ እንዲህ ይበል እንጂ ገደሌን ረግጠህብኝ አታውቅም። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ዞረህ ነበር የምታልፈው!

ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አንተ ውኃ ልትጠጣ ስትወጣ፣ ጉድጓድህ ውስጥ ዘልዬ ገብቼ መወርወሪያውን የወረወርኩ ቀን። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ በእኛ አገር ሌላ ሕግ የለም። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በበሩ ብቅ ብለው ሲያዩኝ እሪ አሉ፤ “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” ብለው ተረቱብኝ። አንተ ስትመለስ አንድ መስመር አጣምሜ አበላሽቼ ጠበቅኩህ። አሁን ይተረትረዋል አልኩ። አንተ ግን ተቀምጠህ ከዚያው ቀጠልክ። ያንን ባና አልሸጥከውም፤ እስክትሞት የለበስከው እሱን ነው። ታመህ ተኝተህ ጠማማዋን መስመር በጣትህ ስትዳብሳት እንዳላየሁ ሆንኩ እንጂ አይቼሃለሁ።

ወደ ወሬዬ ልመለስ። ዘንድሮ የዓመት ፈቃድ ወስጄ ስመጣ ጌታቸው አካፋ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ጉድጓዱን በአፈር ሞልቶ አልጋ ሊዘረጋበት ነው። እውነቱን ነው፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ልጅ ሊመጣ ነው፣ የሚሸምንም የለም። ሆዴ ግን እምቢ አለ። ሳላስበው አንድ ባና ሠርቼ ልይ፣ ካልሆነልኝ እኔው ራሴ እሞላዋለሁ አልኩት። እሱ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም፤ ተነስታ ከቆጡ ላይ ክር በክር ላይ አወረደች። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማን እንደምትፈትል ሳታውቅ ስትፈትል ኖራለች!

ምን ልሥራ ብዬ አልተጨነቅኩም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ያለ ነው። ባና ልንሸጥ ጎረቤላ ገበያ አብረን የሄድን ለት፣ አንኮበር አፋፉ ላይ ቆመህ፣ ባናው ትከሻህ ላይ፣ ከእግርህ በታች ያ ሁሉ ጉም። ያንን ሸመንኩ። አንተንም መለሎ አድርጌ ሠራሁህ፤ ለእኔ እንደዚያ ነበርካ።

እንዴት እንደተሠቃየሁ ልንገርህ? ጉድጓዱ ለአንተ አጭር እግር የተቆፈረ ነው፤ የእኔ እግር ደግሞ የእማዬ ነው። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ስነሳ ወገቤን ይዤ ነው። በዚህ ላይ እትዬ ብርቄ መጥተው “ኧረ በስመ አብ! ሰው ያለበት ባና ማን ይለብሳል? ሰው በሰው ላይ!” አሉኝ። እውነት መሰለኝና ራስህን ተረተርኩት። ግማሽ ቀን ራስ የሌለህ ሆነህ ዋልክ፣ ይቅር በለኝ። ምሳ አልበላ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ውስጤ የሚለኝን ሰምቼ ራስህን መልሼ ሸመንኩት፤ ያኔ ራበኝ።

አሁን ደግሞ ጉዴን ስማ። ባና ተሸምኖ ካለቀ በኋላ በሙቅ ውኃ ተነክሮ በእግር ይረገጣል፤ ሲረገጥ ይወፍራል፣ ያጥራል። ይህንን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ስንት ዓመት ረግጬልሃለሁ። ፋብሪካው አስረስቶኝ ሥዕሉን በልኩ ሸመንኩት! ጌታቸውና እኔ ተያይዘን ረገጥነው፣ አውጥተን አጥሩ ላይ አሰጣነው። አባዬ፣ ገደሉ ተኮማትሯል። መለሎው ሰውዬ አጥሮ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ አንገቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። አለቀልኝ አልኩ። አካፋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እሱን እሱን አያለሁ።

እማዬ ከደጃፉ ቀና ብላ አየችና “ውይ! መጣ!” አለች።

ዞሬ አየሁ። አንተ ነሃ! ቁርጥ አንተ! ያ ትከሻህ፣ ያ ብርድ ሲይዝህ የምትቀብረው አንገትህ። ያስረዘምኩህ እኔ ነበርኩ፤ ውኃውና እግራችን ልክህን መለሱልህ። እየሳቅኩ አለቀስኩ። እትዬ ብርቄ እንኳ ነጠላቸውን አስተካክለው ሰላም ሊሉህ ምንም አልቀራቸው።

ጌታቸው አካፋውን አንስቶ ወደ ቤት ገባ። ሊሞላው ነው ብዬ ተከትዬው ስገባ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ አፈር ወደ ውጭ ይወረውራል! አይሞላም፣ ያጠልቀዋል። “ነይ እግርሽን ክተቺ፣ ልለካሽ” አለኝ። ለአልጋው ከጀርባ ጓዳ ሊቀጥል ነው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚባለው እንዲህ ከሆነ እሰየው!

ሰኞ ወደ ደብረ ብርሃን እመለሳለሁ፤ ሥራዬን አልተውኩም። በየዕረፍቴ ግን እዚህ ነኝ። የሚቀጥለው ባና ምን እንደሚሆን ከአሁኑ ይታየኛል፤ እሱን ግን አጥሮ እንደሚወጣ አስቤ ነው የምሸምነው። በሠራሁት ባና ሁሉ ላይም አንዲት ጠማማ መስመር ትኖራለች። ስህተት ነው የሚለኝ ብዙ ይሆናል፤ አልተረትራትም። አንተ ሳትነካት ያለፍካት ናት፤ እሷ ካለች አንተን አልረሳህም።

በል ልግባ፣ ድሩ ተወጥሯል። የታችኛው አፈር አዲስ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ግን አባዬ፣ እግሬ በልኩ ደረሰ።

ልጅህ አስካለ